የመጀመሪያ ካሜራ በቁጠባ፦ ከደሴ እስከ ላሊበላ ለሚያነሳ ጀማሪ

ወሎ ውስጥ ቀን ቀን የብርሃን ችግር የለም። በባቲ የሰኞ ገበያ በጠራ ፀሐይ፣ ወይም ሐይቅ ዳር ረፋዱ ላይ ለሚነሳ ፎቶ ደህና ስልክ ይበቃል። ካሜራ የሚያስፈልገው ስልኩ የሚሸነፍበት ቦታ ላይ ነው፦ ማታ መንዙማ በሚባልበት ቤት፣ በሁለት አምፖል በሚበራ የሰርግ ዳስ፣ በላሊበላ ውቅር አብያተ ክርስቲያናት ውስጥ፣ ክረምት ላይ ጉም በዋጠው የደሴ ጠዋት። ስለዚህ ሻጩን «ስንት ሜጋፒክስል ነው?» ከማለትዎ በፊት ራስዎን «አዘውትሬ የማነሳበት በጣም ጨለማው ቦታ የት ነው?» ብለው ይጠይቁ። የሚከተለው ምክር ሁሉ ከዚህ ጥያቄ የሚነሳ ነው።

ደረጃ 1፦ ገንዘቡን መከፋፈል

የካሜራ ዋጋ ከምንዛሬው ጋር ስለሚወጣና ስለሚወርድ በድርሻ ማሰብ ይሻላል። ከያዙት ገንዘብ ከመቶ 60 እጁን ለካሜራውና አብሮት ለሚመጣው ሌንስ፣ 20 እጁን ለሁለተኛ ሌንስ፣ የቀረውን 20 ለትርፍ ባትሪ፣ ለሜሞሪ፣ ለቦርሳና ለመጓጓዣ ይመድቡ። ሙሉውን ገንዘብ ቦዲው (ያለ ሌንሱ ያለው የካሜራ አካል) ላይ የጨረሰ ሰው ሜሞሪ ከጓደኛ ሲዋስ ይከርማል። ገንዘቡ ለዚህ ክፍፍል የማይበቃ ከሆነ ከቦዲው ይቀንሱ እንጂ ከሌንሱ አይቀንሱ። የአሥር ዓመት ቦዲ ጥሩ ሌንስ ተገጥሞለት ጨለማ ውስጥ የሚሰራውን አዲስ ቦዲ በደካማ ሌንስ አይሰራውም።

ደረጃ 2፦ መጀመሪያ የማይገዛውን መለየት

በኪስ የሚያዙት ትንንሽ ካሜራዎች አብዛኞቹ የሴንሰራቸው (ብርሃኑን ተቀብሎ ምስል የሚያደርገው ክፍል) ስፋት 6.2 በ4.6 ሚሊ ሜትር ገደማ ነው። የካኖን ጀማሪ ዲኤስኤልአር (ውስጡ መስታወት ያለው፣ ሌንሱ የሚቀያየር ካሜራ) ሴንሰር 22.3 በ14.9 ሚሊ ሜትር ነው፤ በስፋት 12 እጥፍ ያህል ይበልጣል ማለት ነው። ጨለማ ውስጥ ልዩነቱን የሚያመጣው ይህ ስፋት ስለሆነ፣ ደህና ስልክ ያለው ሰው ትንሹን ካሜራ ቢገዛ ትርፉ ዙም ብቻ ነው።

በቴሌግራም ቻናሎች «48 ሜጋፒክስል፣ 4ኬ፣ 16 እጥፍ ዙም» ተብለው በርካሽ የሚለቀቁት ስማቸው የማይታወቅ አዳዲስ ካሜራዎች ከዚህም ይብሳሉ። ዙማቸው ምስሉን በሶፍትዌር የሚለጥጥ ነው፤ ሜጋፒክስሉም የተጋነነ ነው። በሣጥን ታሽገው መምጣታቸው ብዙ ሰው ያታልላል።

ሜጋፒክስልን በተመለከተ ሒሳቡ ቀላል ነው። ፎቶ ቤት 10 በ15 ሳንቲ ሜትር በጥራት ለማሳተም 2 ሜጋፒክስል፣ 20 በ30 ለማሳተም 8 ተኩል ገደማ፣ ግድግዳ ላይ የሚሰቀል 30 በ40 ለማሳተም 17 ገደማ ይበቃል። ባለ 18ም ሆነ ባለ 24 ካሜራ ይህን ሁሉ ይሸፍናል።

ደረጃ 3፦ ሞዴል መምረጥ

ለጀማሪ የምንመክረው ያገለገለ የካኖን ወይም የኒኮን ዲኤስኤልአር ነው። ምክንያቱ ከጥራቱ በላይ ተገኝነቱ ነው፤ ሌንሱን፣ ባትሪውን፣ ቻርጀሩንና አዋቂ ጠጋኙን አዲስ አበባም ሆነ ደሴ ማግኘት ይቀላል። መስታወት አልባዎቹ ካሜራዎች፣ ለምሳሌ ሶኒ ኤ6000፣ ጥሩ ናቸው፤ ነገር ግን ሌንሳቸው ውድ ነው፣ ባትሪያቸውም ቶሎ ያልቃል። ካኖን ኤም50 ለቪዲዮ ተወዳጅ ቢሆንም ካኖን የዚያን መስመር ሌንሶች ማምረት አቁሟል።

ፎቶም ቪዲዮም ለሚፈልግ ቀዳሚ ምርጫችን በ2013 የወጣው ካኖን 700ዲ ነው። ስክሪኑ ይዞራል፣ በጣት ይነካል፣ የውጭ ማይክ መሰኪያ አለው፣ ቪዲዮ እየቀረጸም ራሱ ፎከስ ይከታተላል። ከእሱ ቀደም ብሎ የወጣው 600ዲ የማይክ መሰኪያና ተዟዟሪ ስክሪን አለው፤ ቪዲዮ ላይ ግን ፎከሱን በእጅ ማዞር ግድ ነው። 1200ዲ፣ 1300ዲ እና 2000ዲ ፎቶ ብቻ ለሚያነሳ ደህና ናቸው፤ የማይክ መሰኪያ የላቸውም። 1300ዲ እና 2000ዲ በዋይፋይ ፎቶ ወደ ስልክ ይልካሉ። 700ዲ ዋይፋይ ባይኖረውም ስልክ ላይ የሚሰካ ትንሽ የሜሞሪ ማንበቢያ ያንኑ ሥራ ይሠራልና ለዚህ ሲባል ሞዴል አይቀይሩ።

ከኒኮን ዲ3300 ለጀማሪ በጣም ይስማማል፤ 24 ሜጋፒክስል ነው፣ የማይክ መሰኪያ አለው፣ በአንድ ባትሪ 700 ያህል ፎቶ ያነሳል። ተከታዮቹ ዲ3400 እና ዲ3500 ባትሪያቸው ከዚህም የሚቆይ ነው፤ የማይክ መሰኪያው ግን ተነስቶባቸዋል። መብራት እንደልብ በማይገኝበት ወረዳ ፎቶ ብቻ የሚያነሳ ሰው ዲ3500ን ቢያገኝ ይደሰታል።

ሰርግ ለማንሳት ያሰበ ሰው አንድ ወጥመድ ይወቅ። ካኖን በ2000ዲ እና በ4000ዲ ላይ ከላይ ካለው የፍላሽ መሰኪያ መሃል ያለችውን የብረት ነጥብ አስቀርቷታል። ሌላ ኩባንያ የሠራቸው ርካሽ ፍላሾችና ማስነሻዎች የሚሠሩት በዚያች ነጥብ ስለሆነ እነዚህ ሁለቱ ላይ አይበሩም። 4000ዲ ከዚህም ሌላ የሌንስ መግጠሚያው ፕላስቲክ ነው፤ በዋጋው ካልተደነቁ በቀር ይለፉት።

አንድ ዓይነት ካሜራ በሦስት ስም እንደሚሸጥም ልብ ይበሉ። 700ዲ አሜሪካ ሲሸጥ «ሬብል ቲ5አይ»፣ ጃፓን ሲሸጥ «ኪስ ኤክስ7አይ» ይባላል፤ 1300ዲ ደግሞ «ሬብል ቲ6» እና «ኪስ ኤክስ80» ነው። ስሙ ስለተለየ «አዲስ ሞዴል ነው» ብሎ ዋጋ የሚጨምር ደላላ አለ። ከጃፓን የመጣ ከሆነ ሜኑው ወደ እንግሊዝኛ መቀየሩን እዚያው ያረጋግጡ፤ በተለይ ለጃፓን ገበያ የተሠሩ ብዙ የሶኒ ካሜራዎች ከጃፓንኛ ውጪ ቋንቋ የላቸውም።

ደረጃ 4፦ ሌንስ

አብሮ የሚመጣው ከ18 እስከ 55 ሚሊ ሜትር ያለው ሌንስ ነው። ካኖን ሲሆን ሌንሱ አካል ላይ «አይኤስ»፣ ኒኮን ሲሆን «ቪአር» የሚል ምልክት ይፈልጉ። ይህ የእጅ መንቀጥቀጥን የሚያረግብ ክፍል ነው። ከ1200ዲ እስከ 4000ዲ ካሉት ጋር አንዳንዴ ይህ የሌለው ርካሹ ዓይነት ይመጣል፤ ሲያዩት አንድ ዓይነት ነው፣ ማታ ግን ልዩነቱ ይታያል።

ሁለተኛው ሌንስ 50 ሚሊ ሜትር ኤፍ/1.8 ይሁን። የኤፍ ቁጥሩ ሲያንስ ብርሃን የሚገባበት የሌንሱ ቀዳዳ ይሰፋል። 18-55ቱ 55 ላይ ሲሆን ቀዳዳው ኤፍ/5.6 ነው፤ 50ው ከዚያ አሥር እጥፍ ገደማ ብርሃን ያስገባል። በተግባር ሲታይ፣ መንዙማ ቤት ውስጥ በአይኤስኦ (ካሜራው ለብርሃን ያለው ስሜት) 3200 የመጀመሪያው ሌንስ የሚጠይቀው ፍጥነት (ብርሃን የሚገባበት ጊዜ) 1/15 ሰከንድ ቢሆን፣ ድቤ መቺው እጁን ባነሳ ቁጥር ፎቶው ይደበዝዛል። በ50ው ፍጥነቱ ወደ 1/150 ስለሚወጣ እጁ ቆሞ ይያዛል። ላሊበላ ውስጥም እንዲሁ ነው፤ በጠባቧ መስኮት የምትገባው ብርሃን ለዚህ ሌንስ ትበቃዋለች፣ ፍላሽ ማብራት ደግሞ ለቅዳሴውም ለጥንታዊው ሥዕልም አይገባም።

50ው የራሱ ጣጣ አለው። በእነዚህ ካሜራዎች ላይ ያጠብባል፤ የቆመ ሰው ከራስ እስከ እግር ለማንሳት 4 ሜትር ተኩል ያህል መራቅ ያስፈልጋል። በተራ ሳሎን ውስጥ ለቤተሰብ ፎቶ አይሆንም። ለዚያ 18-55ቱን 18 ላይ አድርገው ከ3 ሜትር ከ20 ርቀው ቢቆሙ 4 ሜትር ስፋት ላይ የተሰለፈ ሰው ይገባልዎታል።

ኒኮን የገዛ ሰው እዚህ ላይ ይጠንቀቅ። ዲ3000 እና ዲ5000 በሚሉ ተርታ ያሉት ቦዲዎች የፎከስ ሞተር በውስጣቸው የለም። ስለዚህ በርካሽ የሚሸጠው አሮጌው «50 ኤፍ/1.8ዲ» ይገጥማል፣ ፎቶ ያነሳል፣ ፎከስ ግን ራሱ አያደርግም። የሚያስፈልገው «ኤኤፍ-ኤስ» የሚል ጽሑፍ ያለበት፣ መጨረሻው «ጂ» የሆነው ነው። በተቃራኒው «ኤኤፍ-ፒ» የሚሉት አዳዲሶቹ ሌንሶች ዲ3100 እና ዲ3200 ላይ ጨርሶ ፎከስ አያደርጉም፤ በእጅ እንኳ። ካኖን ላይ ይህ ጣጣ የለም፤ «ኢኤፍ» እና «ኢኤፍ-ኤስ» የሚል ሁሉ ከላይ በጠቀስናቸው የካኖን ዲኤስኤልአር ቦዲዎች ላይ ይሠራል።

ደረጃ 5፦ ፊት ለፊት መመርመር

ገንዘብ የሚተርፈውም የሚጠፋውም እዚህ ነው። ሻጩን ብርሃን ባለበት ካፌ ወይም ፎቶ ቤት በቀን ያግኙት። ባዶ 16 ወይም 32 ጊጋባይት ሜሞሪ፣ የሜሞሪ ማንበቢያ፣ ነጭ ወረቀት፣ አንድ ጋዜጣና ባትሪ መብራት ያለው ስልክ ይያዙ። ቡና ተፈልቶ ከአቦል እስከ በረካ የሚፈጀውን ያህል ጊዜ ይመድቡ፤ ሻጩ ከተቻኮለ ምክንያቱን ይጠይቁ።

ውጪውን ሲያዩ ጭረት አያስጨንቅዎት፤ የሚያስጨንቀው ብሎን ነው። ራሱ የተላጠ ወይም የጎደለ ብሎን ካለ ካሜራው ተከፍቷል ማለት ነው። የሜሞሪውን በር ከፍተው ሜሞሪው ገብቶ ያለ ትግል መውጣቱን፣ ባትሪው አለማበጡን ይዩ።

ሌንሱን አውጥተው ከኋላ በኩል በስልኩ መብራት ያብሩበት፣ ከፊት ይመልከቱ። ጥቂት አቧራ ምንም አይደለም። እንደ ሸረሪት ድር የተዘረጋ ነጭ ክር ካዩ ግን ሻጋታ ነው። በቆዳ ማኅደር ተዘግቶ ብዙ ክረምት ያለፈ ሌንስ ይህ ያገኘዋል፤ ማስጠረጉ ከሌንሱ ዋጋ ጋር ስለሚቀራረብ አይግዙት።

ሴንሰሩን ለማየት አይክፈቱት፣ አይንኩትም። ሌንሱን 18 ላይ፣ ፎከሱን በእጅ፣ የሞድ ማዞሪያውን ካኖን ላይ «ኤቪ»፣ ኒኮን ላይ «ኤ» ያድርጉና ቀዳዳውን ኤፍ/22፣ አይኤስኦውን 100 ያድርጉ። ነጭ ወረቀቱን ሆን ብለው አደብዝዘው ያንሱ። ስክሪኑ ላይ አጉልተው ሲያዩ የሚታዩት ጥቁር ነጥቦች አቧራ ናቸው፤ በአየር መንፊያ ይለቃሉ። ቀጥ ያለ ወይም ጠማማ መስመር ከታየ ግን ሴንሰሩ ተጭሮ ሊሆን ይችላል፤ ከተጠረገ በኋላም ካልጠፋ ይተዉት።

ቀጥሎ ክዳኑን ገጥመው፣ ማዞሪያውን «ኤም» ላይ፣ አይኤስኦ 1600፣ ፍጥነት 1/60 አድርገው ያንሱ። ፎከሱ በእጅ መሆን አለበት፤ አለዚያ ካሜራው በጨለማው ፎከስ ሲፈልግ አላነሳም ይላል። ጥቁር መሆን ያለበት ፎቶ ላይ የሚያበሩ ቀይ፣ አረንጓዴና ነጭ ነጥቦች በብዛት ካሉ የተበላሹ ፒክስሎች ናቸው። ረጅም ሰከንድ ላይ ጥቂት ቢታዩ ልማድ ነው።

ሻተሩን (ለብርሃኑ የሚከፈተውንና የሚዘጋውን መጋረጃ) ለመፈተን ከቤት ውጪ ወደ ሰማይ በ1/4000፣ ቀጥሎ በ1/200፣ ቀጥሎ ጥላ ውስጥ በ1 ሰከንድ ያንሱ። በ1/4000 ያነሱት ፎቶ ግማሹ የጨለመ ወይም ዳሩ ላይ ጥቁር ጥላ ያለው ከሆነ ሻተሩ እየደከመ ነው። ከዚያ በተከታታይ 20 ፎቶ ይልቀቁበትና ድምፁ ሳይዛነፍ መጨረሱን ይስሙ።

ስንት ፎቶ እንዳነሳ ማወቅም ይቻላል። ለዚህ ደረጃ ካሜራ ሻተር የሚሰጠው ግምት 100,000 ገደማ ነው። ኒኮን ቁጥሩን በእያንዳንዱ ፎቶ ፋይል ውስጥ ስለሚጽፈው፣ ያነሱትን ፎቶ ሳይነካካ የፎቶ መረጃ በሚያነብ መተግበሪያ ቢከፍቱት ይታያል። ካኖን ፋይሉ ላይ አይጽፈውም፤ በኬብል ከኮምፒውተር ጋር አገናኝቶ በሶፍትዌር ማንበብ ይጠይቃል። ሻጩ የፋይሉን ስም አሳይቶ «2,000 ብቻ ነው ያነሳው» ቢል አይመኑ፤ የፋይል ቁጥር 9999 ሲደርስ ከ0001 ይጀምራል። ከ30,000 በታች መልካም ነው፣ እስከ 70,000 ዋጋ ያስቀንሳል፣ ከዚያ በላይ ከሆነ በጣም ርካሽ ካልሆነ አይቸኩሉ።

ፎከሱን ለማየት ጋዜጣውን ጠረጴዛ ላይ ዘርግተው በስተጎን በሰያፍ ይመልከቱት፣ የመሃሏን የፎከስ ነጥብ ብቻ መርጠው አንድ መስመር ላይ አነጣጥረው አምስት ጊዜ ያንሱ። የጠራው መስመር ካነጣጠሩት ፊት ወይም ኋላ ሆኖ ሁልጊዜ የሚደጋገም ከሆነ ፎከሱ ተዛብቷል። ስክሪኑን አብርተው ሲያነሱ ጠርቶ በዓይን መመልከቻው ሲያነሱ ብቻ ከሳተ ችግሩ የማስተካከያ ነው፤ ነገር ግን የጀማሪ ቦዲዎች ይህን የሚያርም ሜኑ ስለሌላቸው ጠጋኝ ዘንድ መሄድ ይጠይቃል።

ስክሪኑ ላይ ኤረር ቢመጣ ቁጥሩን ይዩ። ካኖን ላይ ኤረር 01 ሌንሱና ቦዲው አለመግባባታቸውን ይናገራል፤ የወርቅ ቀለም ያላቸውን ነጥቦች በደረቅ ንጹሕ ጨርቅ ጠርገው ይሞክሩ፣ ብዙ ጊዜ ይለቃል። ኤረር 20 ወይም 30 ከሆነ መስታወቱ ወይም ሻተሩ ነውና ገንዘብዎን ወደ ኪስዎ ይመልሱ። በመጨረሻ ሁሉንም ቁልፎች፣ ብቅ የሚለውን ፍላሽ፣ ማይክ መሰኪያውን አንድ በአንድ ይንኩ።

ደረጃ 6፦ ክፍያና ውል

ካሜራውን ሳያዩ በቴሌብርም ሆነ በባንክ ቅድሚያ አይላኩ፤ «ሌላ ሰው ሊወስደው ነው» የሚለው ማጣደፊያ የተለመደ ነው። ከታች ያለው መለያ ቁጥር ከሣጥኑ ቁጥር ጋር መመሳሰሉን ይዩ። የሻጩን መታወቂያ ፎቶ ኮፒ፣ የካሜራውን ስም፣ መለያ ቁጥሩንና ዋጋውን የያዘ አጭር የሽያጭ ውል በምስክር ፊት ይፈራረሙ። የተሰረቀ ሆኖ ቢገኝ እጅዎ ላይ ያለው ማስረጃ ይህ ወረቀት ብቻ ነው።

ደረጃ 7፦ ተጨማሪ ዕቃዎች

የባትሪውን ስም ይዘው ይሂዱ። 600ዲ እና 700ዲ «ኤልፒ-ኢ8»፣ ከ1100ዲ እስከ 2000ዲ «ኤልፒ-ኢ10»፣ የኒኮን ዲ3100 እስከ ዲ3500 «ኢኤን-ኢኤል14» ይጠቀማሉ። ኦሪጂናል ውድ ከሆነ አንድ ኦሪጂናልና አንድ ሌላ ይያዙ። ቻርጀሮቹ ከ100 እስከ 240 ቮልት ስለሚቀበሉ ከአሜሪካ ለመጣው የሶኬት ማስተካከያ እንጂ ትራንስፎርመር አይግዙ። መብራት ሄዶ ሲመጣ ግን ጥቂት ደቂቃ ታግሰው ይሰኩት።

ሜሞሪ አንድ 64 ከመግዛት ሁለት 32 ይሻላል፤ አንዱ ቢበላሽ የሰርጉ ግማሽ ይተርፋል። «ክላስ 10» ወይም «ዩ1» የሚል ይሁን። 1 ደቂቃ ቪዲዮ ከ300 ሜጋባይት በላይ ስለሚይዝ 32ቱ አንድ ሰዓት ተኩል ያህል ያስኬዳል። ፎርጅድ ሜሞሪ በጣም በዝቷል፤ 64 ብሎ ጽፎ እውነቱ 8 ይሆናል፣ ሲሞላ የቀደመውን ፎቶ ያጠፋል። ገዝተው ሲመጡ ሙሉ በሙሉ በፋይል ሞልተው መልሰው እያንዳንዱን ይክፈቱ። የማይከፈት ካለ በዕለቱ ይመልሱት።

ደረጃ 8፦ የመጀመሪያ ማስተካከያ

ሜሞሪውን ኮምፒውተር ላይ ሳይሆን ካሜራው ውስጥ ፎርማት ያድርጉ። ቀኑን በፈረንጆቹ፣ ሰዓቱንም በእነሱ አቆጣጠር ይሙሉ፤ አለዚያ ጠዋት የተነሳው ማታ እየተባለ ይቀመጣል። ከአሜሪካ ወይም ከጃፓን የመጣውን ካሜራ ቪዲዮውን ከ«ኤንቲኤስሲ» ወደ «ፓል» ይቀይሩና በሰከንድ 25 ምስል፣ ሻተሩን 1/50 ያድርጉ። የእኛ መብራት 50 ኸርዝ ስለሆነ በሸምበቆ አምፖል ስር ቪዲዮው ላይ የሚንሸራተቱት ጥቁር መስመሮች በዚህ ይጠፋሉ። ለፎቶም እዚያው ብርሃን ስር ከ1/100 አይለፉ። አይኤስኦን አውቶማቲክ አድርገው ጣሪያውን 3200 ላይ ያቁሙት።

ደረጃ 9፦ አቀማመጥ

ደሴ 2,500 ሜትር ገደማ ላይ ናት፤ ኮምቦልቻ ከዚያ 25 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ ከ600 ሜትር በላይ ዝቅ ትላለች። ጠዋት በደሴ ብርድ ያደረ ካሜራ ሐረጎን ወርዶ ኮምቦልቻ ሙቀት ውስጥ ሲወጣ ሌንሱ ላይ ጤዛ ይቋጠራል። ጠርገው አይታገሉት፤ ከቦርሳው ሳያወጡ ለግማሽ ሰዓት ያቆዩት። በጋ ላይ በአቧራማ ገበያ መሃል ሌንስ አይቀይሩ፤ ግድ ከሆነ ጀርባዎን ለነፋሱ ሰጥተው የቦዲውን አፍ ወደ ታች ደፍተው ይቀይሩ። ክረምት ላይ ደግሞ አዲስ ጫማ ውስጥ የሚመጡትን እርጥበት መጣጭ ከረጢቶች ሰብስበው ክዳኑ በሚገጥም የፕላስቲክ ዕቃ ውስጥ ከካሜራው ጋር ያስቀምጡ። ሁለት ሳምንት ሳይነካ የቆየ ሌንስ ካለ አውጥተው ለጥቂት ጊዜ ብርሃን ያሳዩት።